ፊደል ያልቆጠረው

ኩታይሲ ከተማ፣ ከሪዮኒ ማዶ፣
ደረጃ ሥር ናት ሱቄ፤ ግማሽ ጎኗ ባዶ፣
ግማሹ የሽቦ ጥልፍልፍ፣ የኪቦርድ ክምር፤
ወንበሯ አንዲት ናት፣ ለመጣ ሰው፤ እኔ በእግር።

ጺያላ የመጣች በኅዳር ጨፍጋጋ፣
ላፕቶፕ በብብቷ፣
በወንድ ካልሲ ውስጥ አንድ ዕቃ ሸሽጋ።
«ኮምፒውተሬ» አለች፣ «አላውቀውም አለኝ፤
ትናንት ሲያጎርሰው አድሮ ዛሬ ጠዋት ካደኝ።»

ከካልሲው ወጣ ዲስኩ፣ ጥቁር፣ መዳፍ የሚያህል፣
ጠርዙ ላይ ጽሑፍ አለ፣ በጥፍር ቀለም «ወንዝ» የሚል።
ሰካሁት። መብራቱ ጥቅስ አደረገኝ፤
ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ መዞሩን ነገረኝ።
አልተንኳኳም፣ አልተፋጨም፤ ልቡስ ደህና ነው፤
ስክሪኑ ግን ዝም አለ፣ ማንም እንዳልነካው።

ባሏ ኦታር ሠላሳ አንድ ዓመት
የወንዙን ከፍታ ማለዳ ማለዳ ለካ፣
ማታ ማታ ጻፈ።
ደብተሮቹን ያ የለካው ወንዝ ራሱ
አንድ ሌሊት ምድር ቤት ገብቶ ወሰዳቸው።
የቀረው ይህ ብቻ ነው፤
ጡረታ ሲወጣ፣ በሁለት ጣት፣
ሦስት ክረምት ቁጭ ብሎ የተየበው።

መጀመሪያ ገመዷን ነቀልኩ።
የስልክ መሙያ ነው፤
ምግብ ያሻግራል እንጂ መልእክት አያሻግርም።
የእኔን ሰካሁ። ላፕቶፑ «ድን» አለ፤
ጺያላ ከወንበሯ ግማሽ ተነሣች።
ከዚያ ምንም።

የዲስኮችን መዝገብ ብከፍት እዚያ ተኝቷል፣
ቦታው ሙሉ፣ ጤናው ሙሉ፤ አንድ ነገር ጎድሎታል፦
ፊደል የለውም።
ፊደል ያልቆጠረን ማን ይጠራዋል ከደጅ?
ቤት ገብቶ ቆሞ ሳለ የሌለ ይመስላል እንጅ።
የልጅ ልጇ ፍላሽ፣ ካርቱን የሞላባት፣
ቀድማ ተሰክታ ፊደሉን ወስዳበት።

በቀኝ ጠቅ አደረግኩ። ዝርዝሩ ተዘረገፈ።
«ፊደል ቀይር» ይላል አንዱ መስመር፤
ወረድ ሲሉ፣ ወዲያው ከሥሩ፣ «ፎርማት»።
ሞትና ትንሣኤ ጎረቤት ናቸው፤
የአጥራቸው ስፋት የሩዝ ፍሬ ነው።
አንድ ጊዜ ስቻለሁ። የሰው ሠርግ ነበር።
ሙሽሮቹ ይቅር አሉኝ፤
የሙሽሪት እናት ግን እስከ ዛሬ
እኔ ካለሁበት መንገድ ታቋርጣለች።
ከዚያ ወዲህ ማውስ ስይዝ ትንፋሼንም እይዛለሁ።

«የትኛውን ፊደል ልስጠው?» አልኳት።
እንደ ገበያ ቲማቲም አንድ በአንድ አየቻቸው።
«ኦ» አለች። «ኦታር በእሱ ነው የሚጀምር።»
ሰጠሁት።

መስኮቱ ብቅ አለ፤
ሠላሳ አንድ ማኅደር፣ ዓመት በዓመት ላይ ተሰልፎ።
«ሌላ ዲስክ ላይ ልቅዳው» አልኳት፣
«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።»
አልሰማችኝም። አንዱን ከፍታ ታነባለች፦

«መጋቢት ሦስት። ሁለት ሜትር ከዐሥራ አራት። ደፍርሷል።
መጋቢት አራት። ሁለት ከሃያ። ጺያላ ተቆጥታለች።
መጋቢት አምስት። ሁለት ከሃያ አምስት። አሁንም።
መጋቢት ስድስት። ውሃው ጎደለ። የጺያላ አልጎደለም።»

መነጽሯን አወለቀች፤ በካልሲው ጠረገችው።
ረጅም ዝምታ፤ ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ ወጣ፣ ወረደ።
«ያን ሳምንት» አለች በመጨረሻ፣ «ልክ ነበርኩ።»

ቅጂው እስኪያልቅ መሸ።
ዲስኩን ስሰጣት ካልሲውን አላለበሰችውም፤
ሲዞር ውሎ ለብ ብሏል፤
በሁለት እጇ ይዛው ወጣች።

ከመጋረጃው ተመልሳ፦ «ገመዴስ?»
አስቀረሁት። ስልኬን ይሞላል።