አራት ጀሪካን ሱፍ

ከራስ መኮንን ድልድይ ጥቂት ከፍ ብሎ፣
በቆርቆሮ አጥሬ ጥግ፣ ከግንቡ ተጠልሎ፣
አራት ጀሪካን አለ፣ አፉ የተቆረጠ፣
ዘይቱ በመርከብ መጥቶ በሰልፍ የተሸጠ።
ዘይቱን በላነው። ባዶው ግን ቆጨኝ፤
ሠላሳ ዓመት ከመጭመቂያ ሥር ያቆመኝ
የሱፍ ሽታ መጣብኝ። አፈር ሞላሁበት፣
በሰኔ ሚካኤል ማግስት ፍሬ ቀበርኩበት።

ለመጀመሪያው ምንም፤ ዝናቡ ይብቃው አልኩ፣
ሙከራ ያለ ምስኪን አይሆንም እያልኩ።
ለሁለተኛው ደግሞ ዩሪያ፣ ዩሪያ፣ ዩሪያ፤
ለሦስተኛው ከዳፕ ጋር፣ መጥኜ በሻይ ማንኪያ፤
የአራተኛው ድርሻ ፍግና የምድጃ አመድ፣
ከእትዬ አፀደ ጊደር፣ የተለመነ በዘመድ።

በነሐሴ ባለዩሪያው አጥሩን አለፈ፤
ቅጠሉ እንደ ሰፌድ ተዘረጋ፣ ገዘፈ።
መስከረም ላይ ሲያብብ መንገደኛ ቆመ፣
ወያላው በመስኮት «ፀሐይ!» ብሎ ተሳለመ።
ሙሽሮች ከማዘጋጃ ቤት ፊርማቸውን አኑረው
ፎቶ ተነሡበት፣ አንገቱን ወደ ጉንጫቸው ስበው።
እኔም ኮራሁ። መኩራት ምን ያስከፍላል?
ያልተመዘነ ነገር ሁልጊዜ ይከብዳል።
በመስቀል ሰሞን አንድ ሌሊት ነፋስ መጣበት፤
ወገቡን በነጠላ ቁራጭ ከግንቡ አሠርኩለት።

ምንም ያልሰጠሁት፣ ከጉልበቴ ሳይደርስ
የታች ቅጠሉን አድርቆ ለላዩ ሲያጎርስ
አየሁት። ዓይኔን መለስኩ። ለሙከራ ነው አልኩ።
እኔም እንዲሁ ነው፣ ልጆቼን ሳጎርስ የጠወለግኩ።

ጥቅምት ላይ ፈለፈልኩ። በአራት ፌስታል ቋጥሬ
ወደ ወርቅ ቤቶቹ ወጣሁ፣ ዳገቱን በምርኩዜ ቆጥሬ።
ስብሐቱ ወርቅ ሠሪው ሳቀ፦ «ካራቱ ስንት ነው?»
«እሱን አንተ ንገረኝ፤ መቶ መቶ ፍሬ ነው።»

ባለዳፑ ስድስት ግራም ከሩብ። ባለፍጉ
ስድስት ሊሞላ ጥቂት።
ባለዩሪያው? አራት።
«እንደገና መዝነው!»
አራት።
በጥርሴ ሰበርኩት፤ ቅርፊት ነው፣ ውስጡ ምንም የለበት።
ከመሐል ያለው ሁሉ ፍሬ መስሎ የቆየ፣
ፎቶ ላይ ያማረ፣ ለዘይት ያልታየ።

በደረሰኙ ጀርባ አስኳሉን ጨፈለቅኩ፣
ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቼ ተመለከትኩ።
የባለዳፑ ቅባት መስኮት ሆኖ ተገኘ፤
ሊስትሮው፣ ታክሲው፣ ዳገቱ በወርቅ ቀለም ዋኘ።
ባለዩሪያው ወረቀቱን አላረጠበው ብዙ፤
ቅጠል ሆኖ አልቋል ሲሳዩ፣ ወዙ።

እና ያ የመጀመሪያው፣ ምንም ያልቀመሰው፣
ሦስት ግራም ተኩል፣ እፍኝ የማይደርሰው፣
ጥፍሬን አወዛው። ከሌለው ላይ ጨምቆ
ጠብታዋን ይዞልኝ ኖሯል፣ ተጠንቅቆ።
ይኼ ነው ያሳፈረኝ።

ስብሐቱ ገንዘብ አልወሰደም። «ወርቅ ሲሆን ና» አለኝ።

ማታ አንድ ማንኪያ ዳፕ ለደረቀው አገዳ
ሥሩ ላይ ስበትን፣ ደጃፏ ላይ ቆማ፦
«የሞተ ይታከማል?» አለች አፀደ፣ «ወይስ ዕዳ?»
«ለአፈሩ ነው» አልኳት።
አላመነችኝም።
እኔም።