ይገባል

ሐምሌ ነው። ከጣና ንፋስ እየገባ
ወረቀቴ ሁሉ የተፈታ ጀልባ።
ባንቺአየሁ ኮዷን፣ እኔ አንቀጼን ይዘን
ለሐይቁ ጠባቂ ሕግ እናስተምራለን።
ዓይን አለው፣ ጆሮ አለው፣ እጅ ግን የለውም፤
ቅጣት ሲጽፍ ግና እጁ አይንቀጠቀጥም።

ሦስት ቃል ሰጠነው፦ ግዴታ፣ ክልክል፣ ፍቃድ፤
ከሦስቱ ውጭ ወጥቶ አንዳች እንዳይፈርድ።
«አለማድረግ ክልክል» ማለት «ግዴታ» ነው፤
ይኼ ቀላሉ ነው፤ ባንዲት መስመር ገባው።

አንቀጽ አሥራ ሁለት፦ «ሐምሌና ነሐሴ፣ ዓሣ ሲራባ፣
በጉማራ አፍ ጀልባ አይገባም።»
እኔ ነኝ ያረቀቅሁት። አንድ ቃል አይከብድም።

በሙከራው ሌሊት እውነትም ጀልባ ገባ።
ማሽኑ አየው፤ አሰበ፤ ሪፖርት አስገባ፦
«ጀልባ አይገባም ተብሏል። ይህ ግን ገብቷል።
ስለዚህ ጀልባ አይደለም፤ እምቦጭ ነው።»

ባንቺአየሁ ሳቀች። እኔ ግን ደነገጥሁ፤
ላልቶ የሚነበብ ሕግ እንደጻፍሁ አወቅሁ።
ሲላላ ወሬ ነው፣ መግባት አለመግባት፤
ሲጠብቅ ትእዛዝ ነው፣ ከኋላው ቅጣት ያለበት።
ፊደላችን ለሁለቱ አንድ ልብስ ነው ያላት፤
ሰው ከአፍ ይሰማታል፤ ማሽን ከየት ያምጣት?

አጠበቅነው።
ከዚያ ወዲህ ጠበቀ፤ ጠበቀ።
«አትግባ፤ ከገባህ ግን ቀስ ብለህ ግባ» የምትል አንቀጽም ነበረችን፤
«ያልተፈቀደለት እንዴት ይታዘዛል?» እያለ አደከመን።

ነሐሴ መጨረሻ ማዕበል ተነሣ።
የሁለት ልጆች ታንኳ ጉማራ አፍ ላይ ተገለበጠ።
እንድሪስ ሞተሩን አስነስቶ ገባ፤ ልጆቹን አወጣ።
ማሽኑም ሳይውል ሳያድር ሁለት ሺህ ብር ቀጣ።

ቢሯችን ድረስ መጣ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፤ አልጮኸም።
«መግባቱንስ ገብቻለሁ» አለ፤ «አልካድሁም።
ግን ልጅ ሲሰምጥ መግባት ይገባል ወይስ አይገባም?»

ባንቺአየሁ ጥያቄውን እንዳለ ጻፈችለት።
ማሽኑ ዝም አለ። ኔትወርክ የሄደ መሰለን። ከዚያ፦
«መግባት ክልክል ነው። ሰው ማዳን ግዴታ ነው።
ግዴታው ያለው ክልክሉ ውስጥ ነው።
የትኛው ይጥበቅ? የትኛው ይላላ?»

እኔ ጠበቃ ነኝ፤ ይህንን ስም ስይዝ፣
ከመጥበቅ ይሁን ከመጠበቅ ጠይቄ አላውቅም ነበር።
አንቀጽ አሥራ ሁለትን ከፈትሁ።
«ካልሆነ በቀር» ብዬ ጀመርሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል።
እንድሪስ በሩ ላይ፣ ውኃው ከሱሪው እየተንጠባጠበ፣
ይጠብቃል።