የሟች ስም

ግንቦት፣ ሰኞ ማለዳ፣ ቢቸና ላይ ወጣሁ፣
በፌስታል ጠቅልዬ አባቴን አመጣሁ፦
መታወቂያው አለ፣ ጫፉ የነተበ፣
የእድሩ ደብዳቤ፣ በላብ የረጠበ፣
ከሚካኤል ደብር፣ ማኅተም ያረፈበት፣
አባቴ ያረፈበት ቀን የሰፈረበት።

"ወሳኝ ኩነት" ይላል የበሩ ላይ ጽሑፍ፣
ልደትና ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት፣ ባንድ ሰልፍ።
አንዷ አራስ ልጇን ባንቀልባ አዝላለች፣
አንዷ ባሏን ፈትታ በኩርፊያ ቆማለች፣
እኔ ሞት ይዣለሁ። ሙሽራው በመሀሉ
ሽምብራ ቆሎውን ሰጠኝ እፍኝ ሙሉ፤
ስንቆረጥም ቆየን ሰልፉ እስኪላላ፣
እሱ ሠርግ ሲያሰላ፣ እኔ ሙት ዓመት ሳሰላ።

መስኮቱ ተከፈተ። ጥሩዓለም ትባላለች፣
ብዕር ጸጉሯ ላይ ሰክታ ብዕር ትፈልጋለች።

"የሟች ስም?"
"አንሙት።"
ቀና ብላ አየችኝ።
"ቀልድ አይደለም እቴ፣
አንሙት ነው የሞተው፣ እሱ ነው አባቴ።"

ከሱ በፊት ሦስቱ በክፉኝ ቢያልቁበት፣
አያቴ ደክሞት "አንሙት" ብሎ ስም አወጣለት፤
እሱም ሰባ ዓመት ስሙን አከበረ፣
በኅዳር አጨዳ ከነዶው ጎን ቀረ።

"ከኅዳር? ሠላሳ ቀን አልፏል፤ ቅጣት አለው።"
ቅጣቱን ከፈልኩኝ፤ ገንዘብስ ቀላል ነው።
ምን ብዬ ላስረዳት? ጤፉ አውድማ ላይ ነበር፣
እሱ ሲያርፍ እኛ ላይ ነው የዋለው ያ ቀንበር።

"የቄሱ ወረቀት ኃይለ ሚካኤል ይላል?"
"የክርስትና ስሙ ነው።"
"ታዲያ ማንኛው ሞቷል?"
"ሁለቱም" አልኳት፣ "ባንድ ቀን፣ ባንድ ሳጥን።"
ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጻፈች ሁለቱን።

"የልደት ቁጥሩስ?"
"አልተመዘገበም።"
"ያልተወለደን ሰው ማሽኑ አይቀብርም።"

እዚህ ላይ መረረኝ።
"የመሬቱን ግብር በስሙ ጠርታችሁ፣
የማዳበሪያ ዕዳ በስሙ ጽፋችሁ፣
ለመክፈል ሲሆን ጊዜ ተወልዶ የኖረው፣
ለመሞት ሲሆን ነው ያልተወለደ ሰው?"

አልተቆጣችም።
ወንበር ሳበችልኝ፤ "ቁጭ በይ" አለች፣ "እንውለደው።
ዓመቱ?"
"አያቴ እንዳለችው፣ የአንበጣው ዓመት ነው።"
"ወሩስ?"
"ዝናብ ነበር አሉ።"
ሐምሌ አንድ ብላ ሞላችው።

እንዲህ ነው አባቴን ሰኞ የወለድኩት፣
ማክሰኞ ልገድለው የተመለስኩት።

ሦስት ምስክር አቀረብኩ፦
ልንገረው፣ የእድሩ ዳኛ፣ ከነኮፍያው፣
ሽባባው፣ ጎረቤት፣ የወሰን ባላጋራው፣
በቁሙ ሳለ ሦስቴ ፍርድ ቤት የከሰሰው፤
ይበልጣል፣ ጉድጓዱን በዶማ የማሰው።

ይበልጣልን፣ "በዓይንዎ አይተዋል?" ብትለው፣
እጁን ዘረጋና መስኮቱ ላይ ጣለው፦
"አፈሩን የመለስኩት በዚሁ ነው በጄ፤
ካላመንሽኝ ደግሞ ላሳይሽ ነይ ልጄ።"
አውራ ጣቱን ነከረ በሰማያዊው ቀለም፣
ጥፍሩ ስር ያለው አፈር አልለቀቀም።

ከዚያ መብራት ሄደ። ባለማኅተሙ
ስብሰባ ገባ አሉ። ሽማግሎቹም ደከሙ።
ዘጠኝ ሰዓት ሲል ማተሚያው ተንቀጠቀጠ፣
ወረቀቱ እንደ ትኩስ ዳቦ እጄ ላይ ተቀመጠ።
መንፈቅ የቀዘቀዘ ሰው ባንዴ ሞቀኝ፤
ማጠፍ አቃተኝ።

ማታ፣ እናቴ፦ "ምን ይላል የጻፉት?"
"ሞቷል ይላል፣ አንሙት።"
"ማን ነው ያለው?"
"መንግሥት።"
ዝም አለች ጥቂት።
"እስከ ዛሬ" አለች፣ "የነገረው የለም?"

መልስም አልጠበቀች።
የመሬቱን ደብተር ከሳጥን አወጣች፣
ፎቶው ያለበት ገጽ መሀል አስገባች፣
ዘጋችው፤ እጇን ግን ቶሎ አላነሳች።