አንድ ቀና፣ ሁለት ግልብጥ

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ግራጫ ሹራብ ሠራሁ፤
ዓይን በዓይን፣ ረድፍ በረድፍ፣ የተማሪ ደረት ቆጠርሁ፤
አንድ ቀና፣ ሁለት ግልብጥ፣ አንድ ቀና፣ ሁለት ግልብጥ፣
ሰኔ አልፎ መስከረም እስኪጠባ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ።

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ በእንጨት ደረጃ ሽቅብ፣
ሲረግጡት በሚያቃስት ወለል፣ ለመስኮቱ ቅርብ፣
ወንበሬ አለ፤ ሽቦዎቼ አሉ፤
መብራት ቢጠፋም ጣቶቼ አይስቱም፣ ያውቃሉ።
ማወቃቸው ነበር የከፋኝ፦
እኔ ሳልኖር የሚሠሩ፣ እኔን ጥለው የሚሄዱ፣
እንደ ጋሪ ፈረስ መንገዱን፣ መንገዱን ብቻ የለመዱ።

አርሻሉስ፣ ክር ሻጯ፣ ሱቋን ጨርሳ የዘጋች ለት
ከረጢት ሙሉ ትርፍራፊ አሸከመችኝ፤ «ውሰጃት።»
ሰናፍጭ ቢጫ፣ የደበዘዘ ሮዝ፣ የቃሪያ አረንጓዴ፣
አንድ ደግሞ ሰማያዊ፣ የድሮ ታክሲ ቀለም።
«ምን ልሥራበት?» አልኳት።
«እኔ ክር ነው የሸጥኩት፣
ሐሳብ ሸጬ አላውቅም» አለች፤ ቁልፉን ስታዞር ሰማሁት።

ከረጢቱ አልጋ ሥር ሰባት ወር ተኛ።
አልፎ አልፎ አንዱን ጥቅል አወጣለሁ፣ አሸትተዋለሁ፣
«ነገ» እለዋለሁ፤
ግራጫዬን አነሣለሁ።

ከዚያ ማዶ ያለው ቤት ፈረሰ።
ፊቱ ሲወልቅ ሆዱ ታየ፦
ፎቁ ላይ የሰው መኝታ፣ ሮዝ የተቀባ ግድግዳ፣
ሮዙ ሲላጥ ቢጫ፣ ከቢጫው ሥር አረንጓዴ፣
ከሁሉም ሥር ጭቃና ጭድ።
አንድ ምስማር፤ ከምስማሩ ሥር ያልጠቆረ አራት ማዕዘን፣
ፎቶ የነበረበት፤ የማን ይሆን? ሠርግ ይሆን? ሐዘን?
ደረጃውም አለ፣ ሰባት እርከን፣ የትም የማያደርስ፤
ጣራው ያፈሰሰው ቡናማ መስመር፣ እስከ ወለሉ ሲፈስስ።

ቆምኩ። ረዳቱ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» እያለ ገፋኝ፤
ሎሚ የሚሸጠው ልጅ «ማዘር፣ ምን ጠፋሽ?» አለኝ።
«ምንም» አልኩት፤ «እየቆጠርኩ ነው።»

በመብራት ክፍያ ደረሰኝ ጀርባ ጻፍኩ፦
ሮዝ ስምንት ረድፍ፤ ቢጫ ሦስት፤ አረንጓዴ አንድ፣
ምስማሩ አንዲት ግልብጥ ዓይን፣ በጥቁር።
ደረጃው? ደረጃውን ተውኩት ባዶ።
ደረጃ ሠርቼ አላውቅም።

ሦስት ሌሊት ሠራሁ፤ አራት ጊዜ ተረተርኩ።
የተተረተረ ክር የተኛበትን አይረሳም፤
ሹሩባዋን እንደ ፈታች ሴት ጠጉር ነው፣ ሞገዱ ቶሎ አይጠፋም።
በመጀመሪያው ደረጃዬ ወንፊት ሆነ፤ በሁለተኛው ጠመመ፤
በሦስተኛው ከትከሻ እስከ ወገብ እባብ መስሎ ተጋደመ፤
በአራተኛው አንዲት ዓይን ከሽቦዬ ላይ አመለጠችኝ፤
እንደ ልማዴ ልመልሳት ጎንበስ ስል፣ እጄ ላይ እንቢ አለችኝ።
ተውኳት።
ረድፍ በረድፍ ወረደች፤ መሰላል ሆነች በቁሟ።
ሃያ ሦስት ዓመት ስፈራት፣ «ስሕተት» ነበር ስሟ።

ጎረቤቴ አስካለ መጣች፤ ስኳር ልትበደር።
ሹራቡን ዘረጋችው፤ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ብርሃኑ ዳር።
«ይሄ መሰላል ብርድ አያስገባም?»
«ያስገባል።»
«ማን ይለብሰዋል ታዲያ?»
«እኔ እንጃ።»
ከዚያ ጣቷ አራት ማዕዘኑ ላይ ሄዶ ቀረ፤
ሳልነግራት፣
«እዚህ ጋ» አለች፣ «የእነ ትርንጎ የሠርግ ፎቶ ነበረ።»

ስኳሩን ረስታው ሄደች።

ነገ አርባ ግራጫ አለብኝ፤ ትምህርት ሊከፈት ነው።
አንገቱ ቪ፣ ወገቡ ላስቲክ፤ እንደ ወትሮው።
አንድ ቀና፣ ሁለት ግልብጥ።
ከብብቱ ሥር ብቻ፣ ዳይሬክተሯ በማታይበት፣
አንድ ረድፍ የታክሲ ሰማያዊ አስገብቼበት፤
ልጁ መልሱን አውቆት
እጁን ሲያወጣ የምትታይ።