የኤሊስ ሳል

ሰብሳቢያቸው እኔ ነኝ፤ ማንም አልሾመኝም፤
ኮምፒውተር አለኝ፣ እምቢ ማለት አይሆንልኝም።
በየወሩ፣ በሦስተኛው እሑድ፣ ጀምበር ስትዘቀዝቅ፣
ከኤልኪንስ ዳርቻ፣ ከታይጋርት ወንዝ ማዶ፣ ከጫካው ጥግ፣ ከሩቅ፣
ሰባት ሰዎች የቤታቸውን ዜማ በስልክ ቀድተው ይልካሉ፤
ገሚሱ «ይቅርታ» ብለው ይጀምራሉ፣
ገሚሱ «ይቅርታ» ብለው ይጨርሳሉ።
አንዱን ካንዱ ቀጥዬ ለሁሉም እመልሳለሁ፣
ማታ ማታ የሰው ማድቤት ውስጥ በጆሮዬ እገባለሁ።

ዳልሲመር ጭን ላይ የሚተኛ እንጨት ነው፣ ወገቡ የቀጠነ፣
ክሩ አራት፣ ሁለቱ ተጣምሮ አንድ የሆነ።
ዜማውን አንዱ ያወጣል፣ የቀሩት ከሥር ያጉረመርማሉ፣
እንደ ሽማግሌዎች፣ «እህ… እህ…» እያሉ።
ጎረቤት አያጣላም፤ የተኛ ልጅ አይቀሰቅስም፤
የሚሳሳት እጅም እሱ ላይ ሲያርፍ ብዙ አያፍርም።

ድዋይት የተማሪ አውቶቡስ ይነዳል፤ የሱ ቅጂ ውስጥ
ፍሪጁ ያንኮራፋል፤ ውሻው በሩን ሲቧጥጥ፣
ሲቧጥጥ ነው ዜማው የሚያልቀው።
ማርሊን ከመቶ አንዴ ይሳካላታል፤ ያቺን አንዴ ትልካለች፤
በሷም ውስጥ መሃል ላይ ትስቅና እንደገና ትጀምራለች።

ቨርና ግን… ቨርና ጣቷ ያረፈ፣
የምትመታው በዝይ ላባ፣ ከግማሽ በላይ በተገፈፈ፤
ሁለተኛው ዙር ላይ ስትደርስ፣ ልክ እንደተቀጣጠረ፣
ባሏ ኤሊስ ከጓዳ ያስላል፤ ድንጋይ ከሰል ሲቆፍር የኖረ፣
ሳንባው ውስጥ ጉድጓዱ የቀረ።
ሁለቴ። ከዚያ ዝም።

እኔ ጽዱ ነገር እወዳለሁ፤ የምውለው ላቦራቶሪ ነው፤
አንዲት ጉድፍ በብልቃጥ፣ እንቅልፍ የምትነሳው ሰው።
ሳሉን፣ ከምስር እንደሚለቀም ጠጠር፣ ለቀምኩት፤
ስፌቱ እንዳይታወቅ፣ ግራና ቀኙን ስቤ ሰፋሁት፤
ዋናውን፣ ቦታ እንዳያጣብብ፣ አጠፋሁት።
ቨርና «ምነው እንዲህ አማረ!» ብላ ጻፈችልኝ።
ደስ አለኝ።

በመጋቢት፣ በረዶው ገና ጥላ ጥላው ላይ ሳለ፣ ኤሊስ ሞተ፤
ቀብሩ ላይ ሰባታችንም ቆምን፤ ማንም አልተጫወተ።
«ሙዚቃ አልወድም ይል ነበር» አለች ማርሊን፣ ጓንቷን እያወለቀች፤
«ታዲያ ስትጫወት ከጓዳው ወጥቶ አያውቅም» ብላ ተወች።

«ያንን የመስከረሙን ላክልኝ» አለችኝ ቨርና በግንቦት፤
«አንተ ያሳመርከውን አይደለም፤ እሱ ያለበት።
የኔን ስልክ ከነነፍሱ ወንዝ በልቶት…»
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የኔ ጆሮ
ማንን ከቤቱ እንዳስወጣ ያን ለት ነው የነገረኝ፣ ዘግይቶ፣ አፍሮ።

ሦስት ሌሊት ፈለግሁ። የተጣለውን ሁሉ አገላበጥኩ።
ሁሉም ጸድቷል፤ ሁሉም አምሯል፤ ሁሉም ባዶ።
በአራተኛው ድዋይት ትዝ አለኝ።
እሱን ማጽዳት ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ውሻውን ካወጣሁበት
ዜማውም ተከትሎ ይወጣል፤ ምንም አይቀርበት።
የቨርናን ዜማ ከራሷ ለምኖ፣ ሊማርበት፣
ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ አብሯት ተጫውቶ ነበር፣ ባንድ የጥቅምት ሌሊት፤
የዚያን ለት ቅጂ አለኝ፣ እንዳለ፣ ከነአቧራው።

ከፈትኩት። ፍሪጁ ያንኮራፋል። ውሻው በሩን ይቧጥጣል።
ድዋይት ይስታል። ከሥሩ የቨርና ላባ፣ ቀጭን፣ ይሄዳል።
ከሷም ሥር፣ ከሁለት ማድቤት ግድግዳ ጀርባ፣
ሁለቴ፣ ሳል።
ውሻው መቧጠጡን አቆመ።
ሰው መጣ ብሎ ይሆናል።

ላክሁላት። ሁለት ቀን ምንም አላለችም፤
ከዚያ «ውሻው ማን ይባላል?» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

በሰኔው ሦስተኛ እሑድ የሷ ዜማ ቀድሞ ደረሰ።
ሁለተኛው ዙር ላይ እጇ ቆመ፤ ሁለት ምት ያህል ታገሰ፤
ቀጠለ።
ክፍተቱ ይሰማል። ድሮ ቢሆን መርፌዬን አነሳ ነበር።
ከማርሊን ሳቅ ቀጥሎ፣ እንዳለ፣ አስገባሁት።