ቁልፍ

ደም ጭንቅላቷ ውስጥ መንገድ የሳተ ለት፣
ግራ ጎኗ ከዳት፤ ቀኝ ጎኗ ቀረላት።
«ተርፋለች» አለኝ ሐኪሙ። አመሰገንሁት።

ክላክስቪክ ስንመለስ ደሴቱ ጨልሟል፤
በታኅሣሥ እዚህ ቀን ሳይነጋ ይመሻል።
ማርዩን ወንበሯ ላይ፣ ፊቷ ወደ ግድግዳ፤
ዝምታዋ ቤቱን ሞላው፣ እንደ ሰው ዕዳ።

ምን ያላደረግሁት አለ?
ማንኪያዋን ያዝሁላት፣ ፀጉሯን አበጠርሁላት፣
ዓሣውን ከአጥንቱ ለይቼ አጎረስኋት፣
የሹራቧን ቁልፎች፣ አምስቱን፣ ቆለፍሁላት፤
ቃል ስታምጥ እንኳ ቀድሜ ወለድሁላት።
አርባ ዓመት መረብ ስስብ ለኖርሁ የባሕር ሰው
ፍቅር ማለት ይህ ነው።

ክኒኑ ሆዷን አወከው። ሐሙስ ሐሙስ ሱኑቫ መጣች፣
ከደብተር በቀር ምንም ያልያዘች።
«ድባቴ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም፤
እንደ ክንዷ ሁሉ፣ ካልሠራ አይፍታታም።»
ጠየቀቻት፦ «ነገ አንዲት ነገር ብትሠሪ፣ ምን ትሆን?»
ማርዩን ቆየች። ግድግዳውን አየች። «ቁ... ቁልፌን።»

«አንተ ደግሞ» አለችኝ፣ «እጅህን ከኪስህ እንዳታወጣ!»
ቀላል መስሎኝ ነበር። ነጋና ጣጣው መጣ።

አንድ ቁልፍ፣ ሃያ ደቂቃ።
ጣቷ ቀዳዳውን ሲያገኝ፣ ሲስት፣
እኔ የኪሴን ገበር ስቀድ፣ ላቤ ሲንጠባጠብ በክረምት።
ሁለተኛው ላይ ሰደበችኝ፤
ከምቱ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ደስ አለኝ።

ሁሌ እንዲህ አልነበረም።
በየካቲት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ዋለች፤
ሱኑቫ ደብተሩ ላይ «እስከ መስኮት» ብቻ ጻፈች።
እስከ መስኮት ሄድን።
ጀልባ ቆጠርን። ሦስት። ተመለስን።

በመጋቢት ቢላን አገኘች፣ ቀኝ እጇ የሞተባትን።
ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ የማርዩን ቀኝ፣ የቢላ ግራ፣
ከሁለት ሴት አንድ ጥንድ እጅ ሹራብ ሊሠራ።
ያለቅሳሉ፣ ይሳደባሉ፣ ክሩን ይፈቱታል እንደገና፤
እጅጌው ጠማማ ነው። የለበስሁት እኔ ነኝና
አውቀዋለሁ።

ክረምቱን ሙሉ የልቧን ቁልፍ ፍለጋ
ያላንኳኳሁት በር አልነበረም፤
ለካ በየማለዳው፣ ከላይ እስከ ታች፣ አምስቴ
የምቆልፋት እኔው ነበርሁ፣ በገዛ እጄ፣ ከገዛ ቤቴ።

ዛሬ ጠዋት አራቱን ቆለፈች።
አምስተኛው፣ አንገቷ ሥር ያለው፣ አስቸገራት።
እጄ ከኪሴ ሊወጣ ሲል አየችኝ።
«ተወው» አለች፤ «ነፋስ ይግባበት።»