ከነልብሷ

ጣና ገና ሳይነቃ፣ ሽምብጥ ዳር ቆሜ፣
አንዷን ፍሬ እውጣለሁ፣ በሶዬን ተሸክሜ።
ደብረ ማርያም እስክደርስ፣ እስክስብ መረቤን፣
ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስጠብቃለሁ ረሃቤን።

አምና ቅርፊቷን ከፍቼ፣ በበሶ በጥብጬ ዋጥሁ፤
የፋርማሲዋን የይርገዱን ጨጓራዋን ላጥሁ፦
«ከነልብሷ ላካት፤ ራቁቷን ብትሄድ፣
ሳትሠራ ይበላታል የሆድህ አሲድ።
ስምንት ሳምንት ሲሞላ፣ ተመለስ ሐኪም ዘንድ።»

የመረብ ጓዴ እንየው «አንድ ፍሬ» አለኝ ትናንት።
«ዓሣዬን ውሰድ፤ ይህች ግን የታዘዘች ለኔው አንጀት!»
አቀርቅሮ ሹክ አለኝ፦ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል።
መረቡን ጥዬ ባጃጅ ጠራሁ፤ ዓሣው ነገም ይኖራል።

«ወዴት ነው?» ቢል ሾፌሩ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣
እንየው በሹክሹክታ፦
«ፈለገ ሕይወት።»